ነፋስ በሌለበት የወደቀ ቅጠል

ውድ አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ አልልህም። ያለህበትን አውቀዋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ከግንቡ ሥር ነህ፣ ጎረቤቶችህም ሁሉ ዝምተኞች ናቸው። እንዳንተ ላለ ለፍላፊ ቅጣት ነው። እኔ ደህና ነኝ። ትምህርቱን እንደተውኩት ነው፣ ጎሚስታ ቤቱም እንዳለሁ ነኝ። በረዶ ሊመጣ ስለሆነ ከተማው ሁሉ የበረዶ ጎማ ሊያስገጥም ተሰልፏል፣ ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁረት እስከ ገና አይለቅም። ወረቀቱ ላይ የምታየው የጣት አሻራም ከዚያው ነው።

የምጽፍልህ ግን ስለ ጎማ አይደለም። ስቱሬ ግቢያችን ገብቷል።

አዎ፣ ያው ስቱሬ። ከአጥር ወዲያ ያለው፣ ሣሩን አጭዶ የሚጨርሰው በመቀስ የሚመስለው። መቼም አልረሳኸውም። አንተ የተከልካት የሜፕል ዛፍ ቅጠሏን ማራገፍ ስትጀምር እጅህን ኪስህ ከትተህ ሥሯ ትቆምና፣ «ቅጠል የሣር ብርድ ልብስ ነው፤ የተኛን ማን ይገልጣል?» ትል ነበር። ነፋሱ ደግሞ ብርድ ልብሱን ገፎ ለስቱሬ ይወስድለታል። እሱ ለቅሞ በከረጢት ይሞላዋል፣ አፉን እንደ ስጦታ በገመድ ያስርና በራችን ላይ ያስቀምጠዋል። ቃል አይተነፍስም። አንተም ቃል ሳትተነፍስ ፈትተህ ሣሩ ላይ ትዘረግፈዋለህ። «ስሜ አልተጻፈበትም» ትለኝ ነበር። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንድ ከረጢት ቅጠል እየመላለሳችሁ እኔን አሳደጋችሁኝ።

በቀብርህ ቀን መጥቶ ነበር፤ ኮፍያውን አውልቆ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ዘንድሮ ቅጠሉ መውደቅ ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ፣ ያንን ጥርሳም መጥረጊያውን ይዞ የእኛን ሣር ሲጠርግ አገኘሁት።

«ጋሼ ስቱሬ፣ ቤት ተሳሳትክ እንዴ?» አልኩት።

«አልተሳሳትኩም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ቅጠል እጠርጋለሁ።»

«የማንን ቅጠል?»

ቀና ብሎ ዛፏን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። «ስም አልተጻፈበትም» አለኝ።

አባዬ፣ ያንተን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማ ፀጉሬ ቆመ። ያን ሁሉ ዘመን አጥሩ ሥር ሆኖ ያዳምጠን ነበር ማለት ነው። እማን ኩሽና ገብቼ ያዝኳት።

«ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?»

«ቅጠሉ ነፋስ በመጣ ቁጥር ወደ እሱ ነው የሚሄደው። ከምንጩ ልያዘው ነው ያለኝ።»

«ከምንጩ! ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ የሚያናግርሽ?»

«ሜልከር፣ ዝም በልና ዳቦ ውሰድለት» አለችኝ። ዳቦው እኔ የገዛሁት እንዳይመስልህ። ሄል የገባበት፣ ራሷ የጋገረችው ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ ያንን ዳቦ ቀምሼው አላውቅም።

ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም ይኖራል ስንጥር ይባል የለ? ጠረጠርኩ። ሰውየው ጠርጎ ሲጨርስ አይሄድም። ሐኪም ደረት እንደሚመታ የዛፏን ግንድ በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ ቅርንጫፎቿን ሽቅብ ያያል፣ አንገቱን ይነቀንቃል። በሌላው ሳምንት ገመድ ይዞ መጣና ወገቧን ዙሪያውን ለካ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሰውየው ለቅጠሉ አልመጣም፣ ለዛፏ ነው የመጣው። ባሏ የሞተባትን ሴት ሣሯን እየጠረገ፣ ዳቦዋን እየበላ ያለሰልሳትና አንድ ቀን «ፔርኒላ፣ ይቺ ዛፍ ኩሽናሽን አጨለመችብሽ፤ ለምን አናስቆርጣትም?» ይላታል። እማ ደግሞ በበጋው ራሷ «ኩሽናው ጨለመ» ስትል ሰምቻታለሁ። እኔ የተወለድኩ ዓመት የተከልካት ዛፍ ናት። ኮትህ ለሰው ተሰጥቷል፣ መኪናህ ተሸጧል፣ ጫማህ ለእኔ ጠቦኛል። ካንተ የቀረችኝ እሷ ናት።

ስለዚህ ዓይኔን ጣልኩበት። የበለጠ ባየሁ ቁጥር የበለጠ አልጥም አለኝ። ዛፏ ልትራቆት ጥቂት ቀርቷታል፤ ስቱሬ ቅዳሜ አንዲትም ሳያስቀር ይጠርጋል፤ ሳምንቱን ሙሉ የሻማ እሳት የሚያወዛውዝ ነፋስ የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ግን ሣሩ ሞልቶ ይገኛል። ቅጠሉም አዲስ አይደለም። የጠቆረ፣ የረጠበ፣ እንደ መጫወቻ ካርታ እርስ በርሱ የተጣበቀ። ከዛፍ የወረደ ቅጠል ለየብቻው ነው የሚተኛው፣ ይሄኛው ከክምር የወጣ ነው። ትምህርት ባልጨርስም ይሄን አላጣውም። ስቱሬ ከራሱ ክምር እያመጣ ይበትናል፣ ከዚያ መልሶ ለመጥረግ ይመጣል አልኩ። እንዲህ ያለ ብልጠት ካንተ እንጂ ከእሱ አልጠብቅም ነበር።

ወጥመድ አዘጋጀሁ። ከጎሚስታ ቤቱ ቸርኬ የምንቀባበትን ሰማያዊ የሚረጭ ቀለም አመጣሁ። ዓርብ ከሰዓት፣ ስቱሬ ዕቃ ሊገዛ ሲወጣ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ጓሮው ያለውን የቅጠል ክምር እስኪበቃው ረጨሁት። ነገ ሣራችን ላይ አንድ ሰማያዊ ቅጠል ከተገኘ ሌባው ተያዘ ማለት ነው። በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ሲነጋጋ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። ሣሩ ላይ ሰማያዊ ነገር የለም። እማ ግን አለች።

ያንተን ቦት ጫማ አጥልቃለች። ከእኛው ጓሮ፣ ስቱሬ ጠርጎ ከከመረው ላይ፣ በባልዲ እየሞላች ታመጣለች። ዘር እንደሚዘራ ሰው በእፍኝ እየዘገነች ትበትናለች። ከዚያ ወደ ኋላ ትልና ማዕድ እንዳሰናዳ ሰው አንገቷን ዘመም አድርጋ ታየዋለች። የበዛበትን በእግሯ ትበትናለች፣ ያነሰበት ላይ ትጨምራለች። ሲበቃት ሮጣ ገባች።

እኔም ገና እንደነቃ ሰው እያዛጋሁ ወረድኩ። «ሌሊት ነፋስ ነበር እንዴ?» አልኳት።

«ትንሽ» አለች ሊጥ እያሸች። ፀጉሯ ላይ ቅጠል ተሰክቷል። አላወረድኩላትም።

እውነቱን ልንገርህ፣ ተናደድኩ። ለአንተ ብዬ ተናደድኩ። በዚህ ዓይነት ዛፏን ቁረጪ ቢላት መጥረቢያውን ራሷ ታቀብለዋለች ብዬ ፈራሁ። ወጥቼ በሩ ላይ ጠበቅኩት። ስቱሬ በአንድ እጁ መጥረጊያውን፣ በሌላው አንድ ሰማያዊ ቅጠል ይዞ መጣ።

«ይሄ ያንተ ይመስለኛል።»

«ስም ተጽፎበታል?»

«ቀለም ተቀብቶበታል። ግቢዬ ገብተህ ቅጠሌን የምትቀባው ምን ሆነህ ነው?»

«ሌባ ልይዝ።»

«ያዝክ?»

«ያዝኩ። ያሰብኩት ሰው አይደለም እንጂ።»

ወደ ኩሽናው መስኮት ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ካወቅኩ ሰነበትኩ። ነፋስ በሌለበት የወደቀ ቅጠል ይጠፋኛል? ዕድሜዬን ሙሉ የአባትህን ቅጠል ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ።»

«ካወቅክ ታዲያ ለምን ትጠርጋለህ?»

«ሣሩ ላይ ቅጠል አለ። ቅጠል ካለ ይጠረጋል።»

«ዛፏንስ? ለምን ለካሃት? ልታስቆርጣት ነው አይደል?»

ያለ ጎማ መኪና ንዳ ያልኩት ይመስል አየኝ። «አንተ ልጅ፣ ትምህርቱን ያቋረጥከው ትንሽ ቸኩለህ ነው። ዛፏ ከተቆረጠች እኔ እዚህ ግቢ ምን ሥራ አለኝ?»

«ገመዱስ?» አልኩት።

«ቅርፊቷ ተሰንጥቋል። ውርጭ ሳይመጣ ግንዷን በጆንያ ልጠቀልላት ነው፣ ስንት ጆንያ እንደሚፈጅ ለካሁ። አባትህ ብርድ ልብስ የሚያስፈልገው ለሣር ብቻ ይመስለው ነበር።»

ግማሹን አመንኩት። ግማሹን ይዤ ቆየሁ፣ የሰው ነገር አይታወቅም። በሌላው ሳምንት ግን ጆንያውን አምጥቶ ጠቀለላት። ቋጠሮውን ሄጄ ፈተሽኩት፤ ያው እንደ ስጦታ የሚያስረው ቋጠሮ ነው።

ከዚያ ቅጠሉ አለቀ። ዛፏ ተራቆተች፣ ጓሮ የነበረው ክምርም ተመላልሶ ተመላልሶ ጭቃ ሆነ። ባለፈው ዓርብ ከሥራ ስመጣ እማ ባዶ ባልዲ ይዛ ጓሮ ቆማ ነበር። ስታየኝ «ባልዲውን ላጥበው ብዬ ነው» አለች። ፊቷን ካንተ ቀብር ወዲህ እንደዚያ አላየሁትም።

የዚያኑ ዕለት ለሙታን በዓል ሻማ ይዤ አንተ ዘንድ መጣሁ። መቼም ሰምተኸኛል፤ ብቻዬን ሳወራ አንዲት አሮጊት ዞር ብላ አይታኛለች። መቃብሩ ሁሉ ተጠርጎ ሻማ ተደርድሮበታል። ያንተ ብቻ ከግንቡ ሥር ያሉት ዛፎች በጣሉት ቢጫ ቅጠል እስከ ስምህ ድረስ ተሸፍኗል። ብርድ ልብስህን ለብሰህ ተኝተሃል። ትንሽ ቆሜ ማንም አለማየቱን አረጋገጥኩና ጎማ የምንይዝበትን ትልልቅ ከረጢት ከጎሚስታ ቤቱ መኪና አወጣሁ። ገለጥኩህ። ሻማውን ትቼልሃለሁ፣ እሱ ይሙቅህ።

ቅዳሜ ጠዋት እማ ስትወጣ ሣሩ ቢጫ ሆኖ ጠበቃት። መጀመሪያ ራቁቷን የቆመችውን ዛፍ አየች። ቀጥላ ወደ እኔ መስኮት ቀና አለች። እኔ መጋረጃው ጀርባ ነኝ፣ አላየችኝም፤ ወይም አላየሁትም ብላ ተወችኝ። ስቱሬ መጣና አንዱን ቅጠል አንስቶ ገለበጠው። ልብ የመሰለ ቅርጽ አለው፣ በመንገዳችን ላይ እንዲህ ያለ ዛፍ የለም። የት እንደሚገኝ ግን እሱም ያውቃል፣ በቀብርህ ቀን የቆመበት ቦታ ነው። ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠረገው፤ ከረጢት ውስጥ ግን አልከተተውም። ዛፍህ ሥር ወስዶ ሥሯን ዙሪያውን አለበሳት። እማ በሩን ከፍታ «ስቱሬ፣ ዳቦው ይቀዘቅዛል» አለችው። በፊት በሩ ላይ ቆሞ ነበር የሚበላው። ያን ቀን ጫማውን አወለቀና ገባ።

አሁንም ዓይኔን አልነቀልኩበትም። ወንበርህ ላይ እንዳይቀመጥ መጋዝ ይዤ አንዱን እግሩን ትንሽ ከርክሜዋለሁ፤ ሲወዛወዝበት ወደ ሌላ ወንበር ሄደ። አንተ የምትለው ካለ ግን አሁን በል። ነገሩ ካላማረህ ነፋሱን ያዘው። ካማረህ ደግሞ እዚያ ግንቡ ሥር ገና ያልወደቀ ቅጠል አይቻለሁ፤ ቅዳሜ ሳይደርስ አራግፈው፣ ከረጢት ይዤ እመጣለሁ።

ብርድ ልብስህን የገፈፈህ ልጅህ፣
ሜልከር