እባብና የአትክልቱ ውኃ

ልደታ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእህቴ ለደሚቱ፣ ጅማ

«ጋሼ፣ እማዬ ግቢ እባብ የገባው አንተ ችላ ብለህ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ትከል» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ከቁጣዬ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል እላለሁ፤ እኛ ደህና ነን።

ነጭ ሽንኩርት እባብ አያባርርም። እባብ የሚመጣው እንቁራሪት ፍለጋ ነው፤ እንቁራሪትን የሚያመጣው ደግሞ እርጥበት ነው። የሚያፈሰውን ቧንቧ አሠርቻለሁ፣ ሣሩንም አሳጭጃለሁ። አፈሩ ደርቆ እንዲያድር አትክልቱ የሚጠጣው ጠዋት ብቻ ነው። እባቡ አይመለስም።

እማዬ ግን ትናንት ጠዋት አጠጥታ፣ ከምሳ በኋላ ደገመች፤ አመሻሽ ላይም ባልዲውን አነሳች። «አጠጥተሻል እኮ» ስላት፣ «ኧረ ተወኝ ገረሱ፣ ዛሬ ገና አሁን መንካቴ ነው!» አለች። የቀሚሷ ጫፍ ከቀትሩ ጭቃ አልደረቀም ነበር።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ለጥምቀት መጥተሽ ሳለ እማዬ በቀን ስንት ጊዜ ታጠጣ ነበር? እስከ ሚያዝያ 20 በጽሑፍ መልሺልኝ። «አላስታውስም» የሚል መልስ አልቀበልም።

ወንድምሽ ገረሱ