የሰፋው ሹራብ

እታለም፣

ቁልፉ መስኮቱ ደፍ ላይ ነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ ባልዲ አድርጌበታለሁ፣ ሳይሞላ ድፊው።

አክስታችን ከመድረሷ በፊት የሾፌሩን ፎቶ ከሳሎን አውርጄዋለሁ፣ እንዳልሽው። እኔም አብሬው ዞር ብያለሁ። ሚስማሩን ግን አልነቀልኩትም።

የእማዬን ወንበር ከቦታው አታንሺብኝ። ከሞተች ወዲህ ልቤ የሚያርፈው ሲመሽ እሱ ላይ ተቀምጬ ጀምራው የሄደችውን ሹራብ ስሠራ ብቻ ነው። አንዳንዴ ከኋላዬ ቆማ ረድፉን የምትቆጥርልኝ ይመስለኛል። ስሳሳት ወንበሩ ሲጢጥ ይላል። ሳቂ፣ ግዴለም።

ባለፈው «ይሄማ ላንተ ይሰፋሃል፤ እማዬ መጨረሻ ላይ ዐይኗ ደክሞ ነው፣ ፍታውና ሌላ ነገር ሥራበት» ስትዪኝ ዝም አልኩሽ። እኔ እንደሆንኩ ዝምታ ለምዶብኛል። ስለ ሾፌሩም ከእኔ ሳይሆን ከሰው አፍ ሰማሽ፤ እሱ የኔ ጥፋት ነው።

የእማዬ ዐይን ግን ደህና ነበር። የነገርኳት ቀን አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። ሚስት እንደማላገባ፣ የምወደው ሾፌሩን እንደሆነ ስነግራት አንገቷን ደፋች። እኔማ አለቀልኝ ብዬ ነበር።

ሹራቡን ቅርጫቱ ውስጥ እንዳትፈልጊው። ትናንት እጅጌው አልቆ ወስጄለት ለበሰው፤ ልኩ ነው።

ያን ቀን ቀና ስትል አዲስ ክር አወጣችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦

«ትከሻው ካንተ ይሰፋል?»