የማቀዝቀዣ ቁጥር ሦስት ኃላፊ የነበሩትን ተመራማሪ ሕልፈት አስመልክቶ ከላቦራቶሪ ሠራተኞች ማኅበር የወጣ መግለጫ

ማኅበራችን ለሃያ ሁለት ዓመታት አብረውን የሠሩት ተመራማሪ ባለፈው ማክሰኞ በሆስፒታል ማረፋቸውን የሚያስታውቀው በጥልቅ ሀዘን ነው። በንዴትም ነው። አስተዳደሩ አዘጋጅቶ የላከልንን ረቂቅ አልተቀበልነውም፤ ስለ ማቀዝቀዣው አንድ ቃል አይተነፍስምና።

እትዬ በረዶ እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሴት ሥራ የጀመሩት የመስታወት ዕቃ በማጠብ ነበር። በአምስተኛው ዓመት ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ ዘረመል ክፍል ተዛወሩ።

በዘጠነኛው ዓመት የዕድሜ ልክ ጥያቄያቸውን አገኙ። ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ቅድመ አያቶቻችንን ያጠቁ ቫይረሶች ከዲኤንኤያቸው ቁራጭ በእኛ ውስጥ ትተው አልፈዋል። ብዙዎች የማይረባ ትርፍራፊ ይሉት ነበር። እርሳቸው ግን ከቁራጮቹ አንዱ በእንግዴ ልጅ ውስጥ እንደ መብራት ማብሪያ ሆኖ አጠገቡ ያለውን ጂን እንደሚያሠራ፣ ጂኑም ሕፃኑ በሚወለድበት ጊዜ ላይ እጁ እንዳለበት ጠረጠሩ። የዛሬው ዋና ዳይሬክተር በስብሰባ መሐል «የሞተ ቫይረስ ደግሞ ምን ይሠራል?» ብለው አላገጡ። «አልሞተም ጌታዬ፣ ሥራ ቀይሮ ነው» አሏቸውና ገለጻቸውን ቀጠሉ።

ከአሥረኛው ዓመት ጀምሮ የማዋለጃ ክፍሎችን ደጅ እየጠኑ፣ አዋላጆችን እየተለማመጡ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ እናቶች 412 የእንግዴ ልጅ ናሙና ሰብስበው በማቀዝቀዣ ቁጥር ሦስት አኖሩ። ግማሹ ያለጊዜያቸው ከተወለዱ ሕፃናት የተገኘ ነው። ባለፈው ዓመት በላቦራቶሪ ባሳደጓቸው ሴሎች ላይ ማብሪያውን ሲያጠፉት ጂኑም ጸጥ አለ። የቀረው በናሙናዎቹ ላይ ማረጋገጥ ብቻ ነበር።

በሰኔ ታመው ተኙ። በሐምሌ አስተዳደሩ ለአዲስ መሣሪያ ቦታ ይለቀቅ ብሎ የማቀዝቀዣውን ናሙናዎች ማስወገጃ ቅጽ አዞረ። ቅጹ ሦስት ፊርማ ይጠይቃል። በናሙናው ባለቤት ቦታ ላይ «በሥራ ገበታቸው ላይ አልተገኙም» ተብሎ ተሞላ። ሆስፒታሉ ከዚህ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ ሄዶ የጠየቃቸው የለም። ዳይሬክተሩ ፈረሙ። ሦስተኛው ፈራሚ የዚህ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። በዚህ ቤት ቅጽ የሚፈረመው ኮሪደር ላይ፣ በቆሙበት፣ የባልደረባን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጎ ነው። እርሱም እንደዚያው ሳያነብ ፈረመ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋት ማቃጠያ ውስጥ በአርባ ደቂቃ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ልንጠይቃቸው በሄድን ቁጥር «ማቀዝቀዣዬ እንዴት ነው?» ይሉን ነበር። «ደህና ነው እትዬ፣ ብቻ እርስዎ ይዳኑልን» አልናቸው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ዓይናችንን በጨው አጥበን ዋሸናቸው።

ሊቀመንበሩ ከኃላፊነቱ ተነሥቷል። ዳይሬክተሩ ግን ቀብሩ ላይ የአበባ ጉንጉን ይዘው ከፊት ቆሙ! አንጀታችን አርሯል። ዛሬውኑ ሥልጣናቸውን እንዲለቁ እንጠይቃለን።

እትዬ በረዶ ከታናሽ እኅታቸው በቀር ዘመድ የላቸውም። እኅታቸው ናሙና ከሰጡት እናቶች አንዷ ናቸው፤ ሕፃናቸው በስድስት ወሩ ተወልዶ አላደረም። ከቀብር መልስ እጃችንን ይዘው «የጀመረችውን እናንተ ትጨርሱታላችሁ አይደል?» አሉን። አንገታችንን ደፋን።

እሜቴ፣ መጽናናትን ከመመኘታችን በፊት ያን ቀን ያልመለስንልዎትን እዚህ እንመልሳለን። አንጨርሰውም። የእርስዎንም ጨምሮ ሁሉንም አቃጥለነዋል።