ከገንዳው ዳር ወደ ውሃው፦ የዋና አስተማሪው ወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ወንዝ አጠገብ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት በአንድ ዝናባማ ማለዳ ተወለዱ። የበኩር ልጅ ነበሩና እኔን ታናሽ እህታቸውን አዝለው አሳድገውኛል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሳይደርስ ኃይለኛ ትኩሳት ይዟቸው ፔኒሲሊን ተወጉ። በማግስቱ ገላቸው ሽፍ አለ። እናታችን «ይኼ መድኃኒት የልጄ ጠላት ነው፤ ሁለተኛ እንዳይነካው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም በጠየቃቸው ቁጥር ከስማቸው ቀጥለው የሚናገሩት ይህንኑ ነበር።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በሕዝብ መዋኛ ገንዳ ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው ዋና አስተማሩ። ጣሪያው መስታወት ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ ከውሃው ላይ ተነሥቶ በግድግዳው ላይ ይዋኝ ነበር። ተማሪዎቻቸው «ጋሽ ዓሣ» ይሏቸዋል። ለፈራ ሁሉ «አትታገለው፤ ራስህን ልቀቅ፣ ውሃው ይሸከምሃል» ይሉ ነበር። የገንዳውን ቲኬት ቆራጭ ዋና አስተምረው አገቡ፤ ባለቤታቸው ግን ዛሬም «እሱ ያስተማረኝ መስጠም ነው» ይላሉ። ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ጡረታ እንደወጡ ቀኝ ጉልበታቸው አላስኬድ ብሏቸው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ገባላቸው። የእናታችንን ቃል ስለተናገሩ፣ ቁስል እንዳያመረቅዝ የሚሰጠው የተለመደው፣ የፔኒሲሊን ዘመድ የሆነው መድኃኒት ቀርቶ ሌላ ተሰጣቸው። ቁስሉ አመረቀዘ፤ መገጣጠሚያውም ወጣ። ውሃ ውስጥ መግባት ተከለከሉ። ሕመሙን ችለውታል፤ ያስለቀሳቸው ውሃው ነው። ገንዳው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸው አየሩን ሲቀዝፍ አይቻለሁ። ከእንቅልፋቸው ሲነቁ እርጥብ እየመሰላቸው ፀጉራቸውን ይዳብሱ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም አለርጂው ይመርመር አለች። ቆዳቸው ላይ የፔኒሲሊን ጠብታ ተደርጎ ጫር ጫር ተደረገ፤ ቀጥሎም የዚያኑ መድኃኒት ክኒን ዋጡ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እያዩ ጠበቁ። ምንም አልወጣም። የልጅነቱ ሽፍታ ከራሱ ከትኩሳቱ ሳይመጣ አልቀረም ተባለ። የተለመደውን ቢወስዱ ኖሮ አያመረቅዝም ነበር ብሎ መማል ባይቻልም፣ አደጋው ያነሰ ይሆን እንደነበር ሐኪሟ ነገረችን። እኔ በንዴት ጦፍኩ። እሳቸው ግን «እማዬ ስትጠብቀኝ ነው እኮ የኖረችው» አሉ። እኔም እህታቸው በመሆኔ ብቻ ያንን መድኃኒት ስሸሽ ስለኖርኩ፣ እጄን ይዘው ወስደው አስመረመሩኝ።

በዚያው በተፈራው መድኃኒት ቁስሉ ጠገገ፤ አዲስ መገጣጠሚያም ገባላቸው። ባለፈው በጋ ወደ ውሃው ወረዱ። በጀርባቸው ተንሳፍፈው መስታወቱን ጣሪያ እያዩ ቆዩ፤ ጥበቃው መዝጊያ ሰዓት ደርሷል ቢላቸውም አልሰሙትም።

ከዚያ በኋላ ልባቸው እየደከመ ሄዶ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል።

ጋሼ፣ አሁን ራስዎን ይልቀቁ። ሰውን ሁሉ ሲያንሳፍፉ የኖሩትን እርስዎን ፈጣሪ በእጁ ይሸከምዎ፤ ነፍስዎንም ያሳርፍልን።