የቦቄ ግማሽ

ውድ አባዬ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል ሲጀመር አይቼ ስለማላውቅ ነው፤ ብዙ አትደሰትበት። «እርስዎ» ልልህም አስቤ ነበር፤ ለማይተዋወቁት ሰው እንደሚባለው። ብዕሩን ሳነሳ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ልጅ ሆኜ እንደለመድኩት «አንተ» ይሁን።

በስልክ የላክልኝን ድምፅ ሰምቻለሁ። «እንቁዬ፣ የምሥራች! ፊልማችንን ይዘን መካነ ሰላም ልንመጣ ነው። እናትሽን ይዘሽ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። ሲያልቅ ወደ መድረክ እጠራሻለሁ፤ ‹እውነተኛዋ ልጅ ይቺ ናት› ብዬ!» ብለሃል። ከኋላህ ሰው ሲስቅ ይሰማል። መልሼ ልደውልልህ ነበር፤ ግን በስልክ ታስቀኛለህ። ሁሌም እንደዚያ ነው፤ ተናድጄ እደውላለሁ፣ ስቄ እዘጋለሁ፣ የደወልኩበት ነገር ግን ሳይነሳ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። በደብዳቤ ልታቋርጠኝ አትችልም። ስለዚህ ጻፍኩልህ፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሹፌር ያደርስልኛል።

የት እንደምሠራ ታውቃለህ? አታውቅም፤ ጠይቀኸኝም አታውቅ። መናኸሪያው አጠገብ ባለች ሱቅ ውስጥ ስልክ ላይ ዘፈንና ፊልም እጭናለሁ። እዚህ ኔትወርክ ሲለው ይመጣል ሲለው ይሄዳል፤ ሰው ፊልም ማየት ሲያምረው ሚሞሪውን ነቅሎ እኔ ዘንድ ያመጣል። ከከላላ በበቅሎ የመጣው ገበሬ፣ እህል ጭኖ ከደጎሎ የመጣው ሹፌር፣ ከጂዳ የተመለሰችው ልጅ፣ ሁሉም ሰሞኑን የሚለኝ አንድ ነው፦ «ያቺን የውሻዋን ጫኚልኝ።» እጭንላቸዋለሁ፤ እንጀራዬ ነው። እናቴን ለአገሩ ሁሉ የማዳርሳት እኔ ነኝ ማለት ነው አባዬ። አንተ ሠራሃት፣ እኔ አከፋፈልኳት።

መጀመሪያ ያየሁትም እዚያው ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው። ስምህ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽህም። አጠገቤ ለቆመው ደንበኛ «አባቴ ነው» አልኩት። ከዚያ ፊልሙ ውስጥ ባልና ሚስት ሊፋቱ ሽማግሌ ፊት ተቀመጡ። ባልየው መልከ መልካም፣ ረጋ ያለ፣ «ከውሻዋ በቀር ሁሉን ትውሰድ» የሚል ጨዋ። ሚስትየው ደግሞ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ የሽንኩርት ቢላ ይዛ፣ ያቺን ነጭ ጸጉራም ውሻ ለሁለት ልትከፍላት ሽማግሌዎቹን እየረገጠች የምትሮጥ። «ግማሿ የኔ ናት!» ትላለች እየጮኸች። ደንበኛዬ ከመሳቁ የተነሳ መደርደሪያውን ተደገፈ። እኔ ግን ያንን ቃል አውቀዋለሁ። ከማን አፍ እንደወጣም፣ በምን ዓይነት ድምፅ እንደወጣም አውቃለሁ። ሒሳቡን ሳልቀበለው ሄደ።

ውሻ! ቦቄን ውሻ አደረግካት። «አዲስ አበባ ውስጥ ለበግ ማን ያለቅሳል» ብለህ ይሆናል። አንተ ነህ እኮ ከኩታበር በጃኬትህ ውስጥ ይዘሃት የመጣኸው፤ እናቷ ሞታባት፣ እንደ ድመት የምታክል፣ ጥቁር፣ ግንባሯ ላይ ብቻ ነጭ ያለባት። ቦቄ ያልናትም ለዚያ ነው። በጡጦ አጠባናት። ትምህርት ቤት ድረስ ተከትላኝ ዘበኛው በዱላ መልሷታል። እማዬ ልትሰፋው የቀደደችውን የሰው ቀሚስ እጅጌ ቦቄ በልታ፣ አንተ ለባለቤቷ «እጅጌ አልባ አሁን ፋሽን ነው» ብለህ ያሳመንካትን ታስታውሳለህ? ያቺን ትዕይንት ፊልምህ ውስጥ አላገኘኋትም። እማዬ የምትስቅበት ቦታ ስለሆነ ነው መሰለኝ።

ሽምግልናው የተቀመጠው በሽማግሌው በጋሽ ሀምዱ ግቢ ነው። እኔ ከአጥሩ ሥር ቦቄን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ቤቱ ለእሷ፣ ላሟ ተሸጣ ለሁለት፣ ሬዲዮው ላንተ። ሁሉም በሰላም ካለቀ በኋላ ሌላው ሽማግሌ ጋሽ አሻግሬ «በጓስ?» አሉ። አንተ ምን አልክ? «ትውሰዳት፤ ሙሉዋን።» በፊልምህ ውስጥ ይህ የለም አባዬ። ቆርጠኸዋል። እማዬም ቢላ አልያዘችም፣ አልጮኸችም። መሬት መሬት እያየች፣ እኔ እንኳ አንገቴን አስግጌ በሰማሁት ዝግ ያለ ድምፅ፣ «አይሆንም። ግማሿ የኔ ናት፣ ግማሿ የእሱ» አለች።

ያን ጊዜም ተስቆባታል። ጋሽ አሻግሬ «አንቺ ሴት ጤናም የለሽ? ሙሉዋን ሲሰጥሽ ግማሽ ትያለሽ?» አሏት። እሷ ግን ያንኑ ደገመችው። ያኔ ጋሽ ሀምዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው የርቢ ደንብ አነሱ፤ አንዱ ከብቱን ሰጥቶ ሌላው እያረባ ግልገሉን እኩል እንደሚካፈሉት። «እናንተ ደግሞ በተራ አርቧት። ከገበያ እስከ ገበያ እሱ ዘንድ፣ ከገበያ እስከ ገበያ አንቺ ዘንድ። የወለደችውን ለሁለት» አሉ። «ማን ያመላልሳት?» ሲባል እማዬ ቀና ብላ «እንቁ» አለች። ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ጮክ አድርጋ ተናገረች።

እንዲህ ሆኖ ነው በየገበያው ቀን ገመድ ይዤ ከጤና ጣቢያው ማዶ ወደ ተከራየሃት ክፍል መመላለስ የጀመርኩት። ሰዉ «ባለ ግማሽ በግ መጣች» ይለኝ ነበር፤ ግድ አልነበረኝም። አንተ በሩ ላይ ቆመህ እንደ በግ እየጮህክ ትቀበለን ነበር። ቦቄ በቁምነገር ትመልስልሃለች፤ እኔ ሆዴን ይዤ መሬት ላይ እቀመጣለሁ። ደብተሬን ታያለህ፣ ጸጉሬን በማይሆን አሠራር ትሠራልኛለህ፣ ተውኔት ስትለማመድ የንጉሡን ልጅ ሆኜ እገባልሃለሁ። ከተፋታችሁ በኋላ ያየሁት አባት ከመፋታታችሁ በፊት ከነበረው ይሻል ነበር። ይህን እንድታውቀው እፈልጋለሁ፤ ምሬቱ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

የመጨረሻዋን ቀን ደግሞ ፊልምህ እንዴት እንዳሳመራት አይቻለሁ። ውሻዋ ትጠፋለች፤ ባልና ሚስት በአንድ መኪና ሆነው ሲፈልጓት ይታረቃሉ፤ ልጅቷ መሃላቸው ቆማ በዚያ በአዲስ አበባ አነጋገሯ «አንድ ቤት ይበቃናል» ትላለች፤ ከዚያ ድግስ፣ እስክስታ። ከሱቃችን ማዶ ሻይ የምትሸጠው ይታይሽ አንድ ቀን መጥታ «ለመሆኑ አባትሽ ተመለሰ እንዴ?» አለችኝ፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። የኛንም ድግስ ልንገራት? በገበያ ቀን ቦቄን ልወስድ ገመዴን ይዤ መጣሁ። ክፍልህ በሰው ተሞልቷል፤ የተውኔት ጓደኞችህ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው ብለው ሊሸኙህ ተሰብስበዋል። መሄድህን የሰማሁትም እዚያው ነው። «ነይ የኔ እመቤት» ብለህ ጭንህ ላይ አስቀመጥከኝ። አጎረስከኝ። ርቦኝ ነበር፤ ደግመህ አጎረስከኝ። «ቦቄስ?» ስልህ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ሳቁ። አንተም እየሳቅክ «ቀድማሽ ወደ ቤት ሄዳለች» አልከኝ።

አመንኩህ። ደርሼባት አብረን ልንገባ መንገዱን ሁሉ ሮጥኩ። እማዬ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ «ቦቄ መጣች?» አልኳት። መጀመሪያ ባዶ ገመዱን አየች፣ ከዚያ ጮማ የነካውን አፌንና እጄን አየች። ውኃ አምጥታ እጄን በሳሙና አጠበችኝ፣ አፌንም አጠበችኝ፣ ደግማም አጠበችኝ። ያልገባኝን ነገር በኋላ ላይ የትምህርት ቤት ልጆች አስረዱኝ። ሥጋ የማልበላው ለዚህ ነው፤ አንተ «ልጄ ፈረንጅ ሆነች» እያልክ የምትቀልድበት።

ይህ ሁሉ አልፏል ብዬ ነበር። አሁን ግን እማዬ ጨርቅ ልትገዛ ስትወጣ ባለሱቆቹ በስሟ እየጠሩ «አልታየች፣ ግማሿ የኔ ናት በይና እንቀንስልሽ» ይሏታል። ቀሚስ ሊያሰፉ የሚመጡት ሴቶች ሳይቀሩ «ግማሹን ለኔ» እያሉ ይገባሉ። ስትቆጣ አይታይም። አንድ ቀን አብሬያት ሆኜ አንዱ ጎረምሳ መንገድ ላይ ሲጮህባት «ሙሉዋን እሱ በላት!» ብላ መለሰችለት። ሰዉ ፈነዳ፤ ይህቺ ከፊልሙም በለጠች ተባለ። ቤት ስንገባ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ልትቀድ መቀስ አነሳች፤ ረጅም ጊዜ ያዘችው እንጂ አልቀደደችበትም። ፊልሙን በኔ ስልክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይታዋለች። ሲያልቅ ምን እንዳለች ታውቃለህ? «ቦቄ ጥቁር ነበረች።»

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ሀምዱ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ሱቅ ድረስ መጡ። የልጅ ልጃቸው ፊልሙን አሳይቷቸው ነው። እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

«ልጄ፣ አባትሽ ያለው ይኸን ነው የሠራው? እናትሽን እንዲህ አድርጎ?»

«ጋሽ ሀምዱ፣ ኮሜዲ ነው፤ ለሳቅ ነው» አልኳቸው። እየኝ እንግዲህ፤ ላንተ ስከራከር።

«ምኑ ነው የሚያስቀው? ወላሂ እኔስ አላስቀኝም። እናትሽ ከሽምግልናው በፊት በጠዋት እቤቴ መጥታ ነበር፤ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። የነገሩኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ። እማዬ እንዲህ አለቻቸው፦ «ጋሽ ሀምዱ፣ ያለው ልጁን አይጠላም። ግን ሰበብ ካላገኘ አይመጣም፤ በስምንት ቀን እመጣለሁ ብሎ ዓመት የሚቀር ሰው ነው። እናንተ ደግሞ ከብት ታካፍላላችሁ እንጂ አባትን ልጅህን እይ ብላችሁ አታስገድዱም። ስለዚህ በጓን በተራ አድርጉልን። በጓ ከሄደች ልጅቱ ትሄዳለች።» እንዳይናገሩም አስምላቸዋለች፤ ካወቅክ «ተንኮለኛ» ብለህ እንዳትተወው ፈርታ። «በስልክ ስትሰደብ ሳይ መሐላዬን አፈረስኩት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። አንቺ ግን አብሽሪ ልጄ» አሉኝና ወጡ።

አየህ አባዬ? ሙሉዋን ሰጥተሃት ግማሿን የጠየቀችው ለዚህ ነው። ስግብግብ ሴት ሙሉውን ትወስድ ነበር። ያን ቀን ከዚያ ሁሉ ሽማግሌና ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ «ለምን?» ብሎ የጠየቃት የለም። አንተም አልጠየቅካት፤ ስትጽፍም አልጠየቅካት። እማዬ የሰው መሳቂያ ሆና አባት ገዛችልኝ፤ አንተ ደግሞ አርደህ ለጓደኞችህ አበላኸው፤ እኔንም አጎረስከኝ። ለዓመታት አልመጣህም። ስትመጣም ይዘህ የምትመጣው ይኸው፣ ያንኑ ሳቅ፣ አሁን ደግሞ በቲኬት።

አትምጣ አልልህም። እማዬ ልትሄድ ቆርጣለች። «ምን አስኬደሽ?» ብላት «ቤቴ ተቀምጬ ሳቁን ከምሰማ፣ እዚያው ሆኜ አብሬ ልሳቅ» አለችኝ። አዲስ ቀሚስ እየሰፋች ነው። ጋሽ ሀምዱ የነገሩኝን አልነገርኳትም። ስለዚህ እንመጣለን፤ ግን ፊት ወንበር ላይ አትፈልገን። ያቺ ተዋናይ ቢላዋን ስታነሳ ከአዳራሹ ቀድማ የምትስቅ ሴት ድምፅ ከሰማህ እናቴ ናት። ስቃ የማታውቀውን ያህል ትስቃለች፤ ከተማው እንዳያይባት።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ሲያልቅ ወደ መድረክ አትጥራኝ። ከጠራኸኝ እወጣለሁ፤ ማይኩንም እቀበልሃለሁ። የምናገረውም ረጅም አይደለም። ውሻ አልነበረችም፣ በግ ነበረች። ነጭ አልነበረችም፣ ጥቁር ነበረች። አልጠፋችም፣ በልተናታል። ከዚያ እናቴ ለምን ግማሿን እንደጠየቀች እነግራቸዋለሁ፤ አንተም አጠገቤ ቆመህ፣ ከከተማው ጋር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምትሰማ ትሆናለህ። ካሳቃቸው ይሳቁ።

እንዳትጠራኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እንድትጠራኝም ተስፋ አደርጋለሁ። የትኛው እንደሚበልጥብኝ እስከዚያ ቀን አላውቅም።

በደህና ግባ፤ ብርድ ስለሆነ ጃኬት ያዝ።

ስምህን እኩል የሚያካፍል ሽማግሌ ስላልተገኘ ሙሉውን የያዝኩት፣
እንቁ ያለው
መካነ ሰላም