ከአደባባዩ በፊት ያጠፋሁት ድምፅ

እህቴ ሰኒያ፣ ከካይሮ ሰላም ብያለሁ።

እዚህ ሰው ወደ መሀል ከተማ ከመውጣቱ በፊት ስልኩን ያጸዳል፤ ፖሊስ አስቁሞ ያየዋልና። የወንድሜ ልጅ ሻሂንዳ ታክሲ ውስጥ፣ «አክስቴ፣ ያንን ሌላ እንዳያነብ መልእክት የሚቆልፈውን መላኪያ ከስልክሽ ቶሎ አጥፊው፤ ‹ምን ትደብቂያለሽ?› ይሉሻል» አለችኝ። አጠፋሁት። ያኔ ፊደል ስላልቆጠርሁ ሟቹ ልጄ ረምዚ በድምፅ የላከልኝ መልእክት ሁሉ አብሮ ጠፋ። አይመለስም አሉኝ።

አደባባዩ ላይ ያስቆመን ፖሊስ ግን ስልኬን አልነካውም። «እለፊ ሐጃ፣ አንቺ ደግሞ ምን ምስጢር አለሽ!» ብሎ ሳቀብኝ።

እኛ መንደር የሰው ደብዳቤ የከፈተ ያፍራል። እዚህ መንግሥት የሚያሳፍረው ያሸገውን ነው።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። ረምዚ ለበዓል በድምፅ የላከልሽ ሰላምታ ስልክሽ ላይ ካለ፣ ማንም ቢያስፈራራሽ እንዳታጠፊው።

ፈውዚያ