ቪዲዮዬን የዘጋብኝ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ስምዖን ነው። ሌላ ማንም አይደለም።

ዛሬ በምሳ ሰዓት ትምህርቴን ለመከታተል ስልኬን ከፈትኩ፤ መሪጌታ የሉም። በእሳቸው ፈንታ የአሸዋ ሰዓት ሥዕል፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። ነካሁት። ያው ሥዕል። ዘግቼ ከፈትኩት... ያው። ላንች ሩም ውስጥ ሰው ሁሉ የየራሱን ስልክ ይዞ ይስቃል። እኔ የአሸዋ ሰዓት አያለሁ።

ስምዖን ሲያልፍ ጠራሁት። ሱፐርቫይዘራችን ነው። እዚህ የሆስፒታል አንሶላ ማጠቢያ ሲቀጠር፣ እርጥቡን አንሶላ በጫፉ ይዞ መተኮሻ ማሽን ውስጥ ማስገባት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እሱ እንግሊዝኛ ያነባል፣ አለቃ ሆነ። እኔ እዚያው አንሶላዬ ጋ ቀረሁ። ስልኩን ተቀብሎ አየት አደረገና መለሰልኝ።

«ብሎክድ ነው የሚለው፣ እትዬ መሠረት። ማታ ለእየሩሳሌም ያሳዩዋት።»

«ለምን ለእሷ? አንተ ማንበብ አቃተህ?»

«ኧረ... እሷ ብታየው ይሻላል ብዬ ነው።»

ሰው ፊት ነው ይህን ያለኝ። አንቺ አታነቢም፣ ልጅሽ ታንብብልሽ ማለቱ ነው። ገባኝ።

አነባለሁ እኮ። ፊደል የቆጠርኩት ካቻምና ነው፣ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ፣ የልጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ። አሁን ንባብ ላይ ነኝ። መሪጌታ ገብረክርስቶስ ሰኞና ሐሙስ ከጎንደር በቀጥታ ያስተምራሉ። እዚያ ሲመሽ እዚህ ምሳ ነው። ቪዲዮውን ትተውት አይሄዱም፣ ወዲያው ያጠፉታል። «የተቀዳ ትምህርት የተኛ ተማሪ ያፈራል» ይላሉ። ሦስት ጊዜ የቀረ ስሙ ይሰረዛል። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ደግሞ እያንዳንዳችንን ደውለው ያስነብቡናል፤ ያለፈ ዳዊት ይይዛል። የወደቀ ወይም የተሰረዘ እስከ መስከረም ይጠብቃል። መስከረምን ማን ያውቃታል? በኔ ዕድሜ...

ስልኬ ዳታ የለውም። ቤትም ሥራም ዋይፋይ አለ፣ ምን ያደርግልሻል ብላ ልጄ አላስገባችልኝም። ስልኩ ግን ደህና ነው። ትናንት የእናቶች ቀን ነው ብላ ጄሪ (እየሩሳሌምን እንዲህ ነው የምጠራት) አበባ ይዛ መጣች፤ ስልኬንም ቆሻሻ ሞልቶታል ብላ ቁጭ ብላ አጸዳችልኝ። ስለዚህ ስልኩ አይደለም። ዋይፋዩ ነው። ዋይፋዩ ደግሞ የማነው? የእነ ስምዖን።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ጠየቅኩት።

«ካምፓኒው ቪዲዮ ዘግቷል?»

«እኔ እስከማውቀው አልዘጋም። ማሽን ላይ ሆኖ ማየት ነው ክልክሉ። ብሬክ ላይ ይቻላል።»

«ታዲያ የኔ ለምን ተዘጋ?»

ጫማውን አየ። «ለእየሩሳሌም አሳዩዋት?»

የሚዋሽ ሰው ጫማውን ያያል። ለማንም አላሳይም። ራሴ አጣራለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ለጠጂቱ ነገርኳት። አንሶላው ከማሽኑ ሲወጣ በዚያኛው ጫፍ የምታጥፈው እሷ ናት። ማጥናቴን የማውቃት እሷ ብቻ... አይ፣ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። (ሳልሰርዝ እተወዋለሁ። መሪጌታ ስሕተትህን ደብቀህ አትማር ይላሉ።)

«የኔን እንየው» አለች። ከፈተች። አንድ ጥርስ የሌለው ሕፃን ከውሻ ጋር ይሳሳቃል።

«ይኸው ይሠራል! ቆይ አንቺ ምን እያየሽ ነው የዘጉብሽ? ንገሪኝ እንጂ፣ እኔም ልይ!» ብላ ቀለደች።

«መልእክተ ዮሐንስ።»

«እንግዲያስ ይዝጉብሽ!» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ለእሷ ይከፈታል፣ ለኔ ይዘጋል። ስምዖን እኔን ለይቶ ነው።

ቤት ከገባሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጠጂቱ ዳታ አላት። ዋይፋዩ ቢዘጋባትስ፣ ስልኳ ሳይነግራት በራሷ ዳታ ከፍቶላት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ይህ ማስረጃ አይሆንም። ነገ ዳታዋን አጥፍታ እናያለን።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ዳታውን አጠፋች። ዋይፋዩ ብቻ ቀረ። ያ ሕፃን አሁንም ይስቃል። ከአጠገቧ የተቀመጠችውን ፊሊፒናዊት በምልክት ለመንናት፣ እሷም አጥፍታ አየች። የእሷም ይሠራል።

እንግዲህ ተጣራ። ካምፓኒው ቪዲዮ አልዘጋም። በኔ ላይ ብቻ ነው የተዘጋው።

የዛሬውም ትምህርት አመለጠኝ። ማታ ከመሪጌታ ደቀ መዝሙር መልእክት መጣ። ራሴ አነበብኩት፣ አንድም ፊደል አልሳትኩም። «እናታችን፣ ሁለተኛ ቀርተዋል። ሰኞ ከቀሩ ስምዎ ይሰረዛል።» ይህን እንኳ ባላነበብኩት ይሻል ነበር።

ሰኞ ግን የቪክቶሪያ ቀን ነው፤ ሥራ ዝግ ነው። ቤቴ ሆኜ በራሴ ዋይፋይ እማራለሁ። ከስምዖን እጅ ውጪ። ማክሰኞ ደግሞ ቢሮ እገባለሁ። የሰው ኃይሏ ሴትዮ ጋ ቁጭ ብዬ፣ ጠጂቱን አስተርጓሚ አድርጌ፣ ይህ ሰው እኔን ለይቶ ይበድለኛል እላለሁ። ጠጂቱ «ልጆች አሉት፣ እንዳታስባርሪው» አለች። እኔስ ልጅ የለኝም? እኔስ ሰው አይደለሁም?

ዓርብ፣ ግንቦት 8

«እንዴት አደሩ እትዬ» አለኝ ስምዖን። አንሶላዬን ማሽኑ ውስጥ አስገባሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ከቅዳሴ ስወጣ ስምዖን ትንሿን ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሟል። ልጅቷ እጇን አውለበለበችልኝ። ለእሷ አውለበለብኩ። ለእሱ አንገቴን አዞርኩ።

ማታ ስልኬን ሞከርኩት። አንድ ስብከት ከፈትኩ፣ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ቤት ይሠራል፣ ሥራ ቦታ አይሠራም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ማክሰኞ የምናገረውን ጮክ ብዬ ተለማመድኩ። ነገ ግን መጀመሪያ ትምህርቴን...

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ከመጀመሪያው ጀምሬ እጽፋለሁ።

እኩለ ቀን ሲሆን ነጠላዬን ለብሼ፣ መጽሐፌን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ስልኩን ከፈትኩ።

የአሸዋ ሰዓቱ።

እዚህ! ቤቴ! ዌስተን ሰፈሬ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ! ስምዖን ቤቴ የለም። የስምዖን ዋይፋይ እዚህ አይደርስም። ትናንት ማታ ሠርቷል፣ ዛሬ ቀን አይሠራም። ታዲያ የሚዘጋው ቦታው ሳይሆን...?

መነጽሬን አደረግኩ። እንግሊዝኛ ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ ቃሉ ነው የሚያስቸግረኝ። የመጀመሪያውን መስመር አለፍኩት። ሁለተኛው መስመር ላይ ያለውን የመጨረሻ ቃል ግን ፊደል መቁጠር ሳያስፈልገኝ አወቅኩት። ፊደል ሳላውቅ እንኳ የማውቀው ቃል ነው። በትምህርት ቤት ቦርሳዋ፣ በምሳ ዕቃዋ፣ በዲግሪዋ ላይ ያየሁት።

እየሩሳሌም።

ከፊቱ ያለው ቃል «ጠይቅ» የሚለው ነው። ይህንንም ከሥራ ቦታ አውቀዋለሁ፤ ግድግዳው ሁሉ ሱፐርቫይዘርህን ጠይቅ ይላል። እየሩሳሌምን ጠይቅ። ለመክፈት ልጅሽን ጠይቂ...

ደወልኩ።

«ጄሪ፣ ስልኬ ላይ ስምሽ ምን ይሠራል?»

«ኦህ... እማ፣ ላስረዳሽ—»

«አሁን ክፈቺው!»

«ከጠዋት እስከ ሥራ መውጫሽ ብቻ ነው እኮ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ—»

«ዛሬ በዓል ነው! መምህሬ ስም እየጠሩ ነው! ክፈቺው!»

«መምህር? የምን መምህር?»

«ክፈቺው አልኩሽ፣ እየሩሳሌም!»

እዚያ ክሬሰንት ታውን ቤቷ ቁጭ ብላ፣ በራሷ ስልክ፣ በአንድ ጣቷ ከፈተችው። የአሸዋ ሰዓቱ ጠፋ። መሪጌታ ብቅ አሉ። ስም ጠርተው ጨርሰው መዝገባቸውን እየዘጉ ነበር። ጻፍኩ፦ «መሠረት ከቶሮንቶ አለሁ።» አሁን ሳስበው በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ ጽፌ አላውቅም። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው «መሠረትም ደርሳለች፣ ትጻፍ» አሉ።

ከሰዓት ጄሪ መጣች። ልብሷን እንኳ አልቀየረችም፣ የቤት ሱሪዋን እንደለበሰች።

«ላንች ላይ ቪዲዮ አያለሁ ስትዪኝ ማሽኑ ላይም የምታዪ መሰለኝ። ያ የምትዪው ማሽን እጅ ይበላል አላልሽኝም? እና ያ የባንክ ነኝ ብሎ ሊያታልልሽ የደወለው ሰውዬ... አይ ዋዝ ስኬርድ፣ ፈርቼ ነው፣ እማ።»

«አትጠይቂኝም?»

«ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ።»

«አዎ! እምቢ እላለሁ! ለዚህ ነው የሚጠየቀው!»

ከዚያ በስልኩ ላይ ስንት ዓመት እንደሆንኩ ጠየቅኳት። እንዲህ ያለ መቆለፊያ ለልጅ ብቻ ነው የሚሠራው ስላለች ነው። መናገር አልፈለገችም። አናገርኳት።

አሥር ዓመት።

በአሥር ዓመቴ ሰው ቤት ነበርኩ። የአሳዳሪዎቼን ልጅ አዝዬ ትምህርት ቤት በር ድረስ አደርስና ከበሩ እመለሳለሁ። በሩ ሲዘጋ ከውጭ ቆሜ ልጆቹ ሀሁ ሲሉ እሰማ ነበር። ይህን ነገርኳት። ከዚህ በፊት ነግሬያት አላውቅም። መማሬንም አልነገርኳትም ነበር፤ ዳዊት ይዤ አንድ ቀን ፊቷ ላነብላት ነበር ያሰብኩት። አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። አላቀፍኳትም።

«መቆለፊያውን አውጪው» አልኳት። «ስልኩን ግን አልሰጥሽም። እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ታሳዪኛለሽ፣ በኔ ጣት ይወጣል።» እስኪጨልም ፈጀብን። ሚስጥር ቁጥሩንም ራሴ ቀየርኩት። ስጽፈው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይህን ያህል ደንብ ታውቃለች።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ቢሮ አልገባሁም።

ስምዖን የአንሶላ ጋሪ ሲገፋ አገኘሁት።

«ያን ቀን የልጄን ስም አይተኸው ነበር?»

ጫማውን አየ። «አይቼ ነበር፣ እትዬ።»

«ለምን አልነገርከኝም? ጠልቼህ ነው የሰነበትኩት! ልከስህ ነበር!»

«ታዲያ ምን ልበል? ያ ሁሉ ሰው ባለበት 'ልጅዎ ቆልፋብዎታለች' ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። ለእሷ ያሳዩዋት ብዬ ቤታችሁ እንድትጨርሱት...»

ይሉኝታ። በይሉኝታው ከትምህርቴ ሊያስቀረኝ ነበር። ይህንንም ነገርኩት። ሳቀ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ እትዬ ብሎ እንደ ልጅ ወደ ሌላ ሰው የሚልከኝን ሰው ምን ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ? ግን እንዴት አደርክ አልኩት። ለትንሿ ልጁም ሰላም በልልኝ አልኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ደወሉ።

ላንች ሩም ጥግ፣ ማይክሮዌቩ አጠገብ ነበርኩ። ከዋይፋዩ ጋር ምንም ጠብ የለኝም፤ መሪጌታ ጥርት ብለው ይታያሉ። ስሜ ሲጠራ መጽሐፌን ከፈትኩ። አንዱ ምግብ እያሞቀ ነበር፣ ማሽኑ ይጮሃል። ስምዖን ሄዶ ሶኬቱን ነቀለው። ሰውዬው ቀዝቃዛ ሩዙን ይዞ ቆሞ ቀረ።

አነበብኩ። መልእክተ ዮሐንስ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ። መጀመሪያ ላይ አንድ ቦታ ተሰናከልኩ፣ ተመልሼ አነሳሁት። ከዚያ በኋላ አልቆምኩም። ፊሊፒናዊቷ አንድ ቃል ሳይገባት ከንፈሬን ታያለች። ጠጂቱ የአንሶላ ጫፍ እንደያዘች ሁሉ መቀነቷን ጨብጣ ይዛለች።

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዳዊት ይያዙ፣ እናቴ» አሉ።

ጠጂቱ እልል ስትል ሱፐርቫይዘሩ ዝም በይ አላለም።

ማታ ጄሪ ደወለች። ማለፌን ነገርኳት፤ «ያነበብሽውን ሁሉ አንብቢልኝ» አለች፣ በስልክ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲያልቅ «እማ፣ እሑድ ስመጣ ስልክሽን አፕዴት ላድርግልሽ?» አለች። ክፋት የለባትም፣ ልማድ ነው። የኔም ልማድ ነበር። ከትንሽነቷ ጀምሮ ወረቀት በመጣ ቁጥር ለእሷ እየዘረጋሁ ነው ያሳደግኳት።

አይሆንም አልኳት። አሁን አንድ መልእክት ስልኬ ላይ መጥቷል፣ በእንግሊዝኛ፣ ረጅም ነው። ሦስት ቃል ነው የገባኝ። ቀሪውን ነገ እጨርሰዋለሁ፣ ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ። ከእንግዲህ ስልኬን ዘርግቼ «ይሄ ምን ይላል?» አልልም። ለስምዖንም አልልም። ለእየሩሳሌምም አልልም።